ዶርቤን የገደልኩበት ከሰዓት በኋላ

ይህን ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእርሱ ስናገር ምን እንደገጠመኝ መጨረሻው ላይ ታየዋለህ። ለነፍስ አባቴ እንኳ በየጾሙ መግቢያ ተንበርክኬ የምዘረዝርላቸው ሌላ ሌላውን ነው። የጎረቤት ዶሮ በድንጋይ መምታቴን፣ በቅዳሴ መሐል ማንቀላፋቴን፣ ሚስቴን በሆዴ መሳደቤን። በአፌ አልደፍርም። እሳቸውም ጥቂት ስግደት አዘውብኝ ያሰናብቱኛል፤ እኔም ትልቁን ኃጢአት ከትንንሾቹ ኋላ እንደ ደበቅሁ ቀጥ ብዬ እወጣለሁ። እንዲህ ስወጣና ስገባ አረጀሁ። አሁን ለአንተ ለአንባቢው ልናዘዝ ነው። ለምን ለአንተ? ስግደት ስለማታዝብኝ ይሆናል። ጉልበቴ አይችልም።

እኔ ተፈራ፣ የቆቦው፣ ሰው ገድያለሁ። አትደንግጥ፤ የገደልኩት ሰው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ደግሞ «ይህማ ምን ኃጢአት ነው» ብለህ ለመሳቅ አትቸኩል። በእርሱ ሞት ያደረቅሁት ማሽላ የእውነተኛ ሰው ማሽላ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኛ ቀበሌ ያስተምር የነበረ አንድ መምህር ሲዛወር፣ ለመሸከም የከበደውን ወፍራም መጽሐፍ ለእኔ ጥሎልኝ ሄደ። ሽፋኑ ከነስሙ ተገንጥሏል፤ ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርኩ ነኝ። በእኩዮቼ መሐል ሳይንተባተብ የሚያነብ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ጥሩ አይደለም። ሰው ሁሉ አፍ አፉን ሲያየው የማይበላሽ ሰው አለ? ካለ እኔ አይደለሁም።

መጽሐፉ እንቅልፉ ስለተሰረቀበት ንጉሥ ይተርካል። አንድ ተራራ የሚያህል ግዙፍ ፍጡር የንጉሡን እንቅልፍ ሰርቆ፣ በቅል አሽጎ፣ ዓለም ጫፍ ላይ ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛበታል። ንጉሡ እንቅልፍ አጥቶ ሌት ያወጣውን አዋጅ ጠዋት እየሻረ አገሩን አሳበደው። ጎራዴ የታጠቁት ጀግኖች ቅሉን ሊያመጡ ሄደው ሁሉም ቀሩ። መጨረሻ ላይ ለመላክ የተገኙት ማንም የማይፈልጋቸው ሰዎች ናቸው። ድግምቱን መሐል ላይ የሚረሳ ደብተራ፣ ጨለማ የሚፈራ ሽፍታ፣ ከእሳት ጋር የምትጨቃጨቅ ሸክላ ሠሪ፣ እና ዶርቤ። ዶርቤ ጎባጣ አህያ ነጂ ነው። ጎራዴ የለው፣ ድግምት የለው። ሌሎቹ በየመንገዱ ሲጣሉ አህያዋን ጭኖ «እንሂድ እንጂ» የሚል እርሱ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ስንፈታ ከሰፈራችን ዳር ካለው ግራር ሥር ተሰብስበን አነብላቸው ነበር። እያንዳንዱ አድማጭ ከመጽሐፉ የራሱን ሰው መረጠ። ልብስ ሰፊው ካሳ ሽፍታውን ያዘ። የውኃ ዳኛችን አያ ይመር፣ አንድ ሰላት የማያልፋቸው ሙስሊም፣ ደብተራውን ወሰዱት፤ የሚረሳ ሰው ነው የሚመቸኝ አሉ። ጎረቤቴ እንድሪስ ግን ዶርቤን ያዘ። እንድሪስ በጉልምስናው እህል በአህያ እየጫነ ሮቢትና ዋጃ ገበያ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ዶርቤ አህያዋን ሲያባብል ባነበብኩ ቁጥር «ልክ ነው፤ አህያ እንዲህ ነው የምትለመነው» እያለ ይመሰክርለታል። ማሳ ላይ ስንገናኝ ከእኔ ሰላምታ በፊት የዶርቤን ደኅንነት ይጠይቀኛል። እኔስ ማንን ያዝኩ? ማንንም። እኔ ሁሉንም በእጄ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ስለ ውኃው ልንገርህ፤ ኃጢአቴ እዚያ ውስጥ ነው። የእኛ የቆላዎቹ ዝናብ የሚዘንበው ሌላ ሰው ላይ ነው። ምዕራብ ባሉት የደጋ ተራሮች ላይ ይጥላል፤ እኛን እዚህ ፀሐይ እየጠበሰችን፣ ደረቁ የአሸዋ ወንዝ በድንገት እያገሳ ይመጣል። ያንን ጎርፍ በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፈን በቦይ ወደ ማሳችን እናስገባዋለን። የምናስገባው በተራ ነው። የጎርፉ ራስ ቦዩ አፍ ሲደርስ ባለተራው አካፋውን ይዞ እዚያ መቆም አለበት። ከሌለ ተከታዩ ይከፍታል፤ አንዴ ተከታዩ ማሳ የገባ ውኃ አይመለስም። ጎርፉ ደግሞ ሁለት ማሳ ሳያጠጣ የሚያልቅበት ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ሰው ተራሮቹን እንዲጠብቅ ይመደባል። ተራራው ሲጠቁር ባለተራውን «ተነሥ» ይላል። ሥራው ይኸው ነው፤ ዓይንና አፍ ያለው ሁሉ ይችለዋል።

ያን ቀን ባለተራው እንድሪስ ነበር። ተከታዩ እኔ ነበርኩ። ተራራ ጠባቂውስ? እርሱም እኔ።

ክረምቱ ሊወጣ ነው። ደጋሌት የምንለው ረጅሙ ማሽላችን ራስ ሊያወጣ ደርሷል። በዚያ ሰዓት አንድ ጎርፍ ያገኘ ማሳ እህል ይሆናል፤ ያጣ አገዳ ሆኖ ይቀራል። ሌላ ጎርፍ እንደማይመጣ ሁላችንም በሆዳችን አውቀነዋል። ሚስቴን ደስታን ጠዋት አካፋ አስይዤ የእኛን ቦይ እንድትጠርግ ልኬያት ነበር። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ደመና የለም። ይህችን ማስረጃ «አስቤበት አልነበረም» ለማለት ስንት ዓመት እንደ ታቦት ተሸክሜያታለሁ። እውነት ነው፣ ጠዋት አላሰብኩም። ከሰዓት ግን ከሰዓት ነው።

ግራሩ ሥር ተቀመጥን። የከሰዓት ፀሐይ ዓይናቸውን እንዳትወጋቸው አድማጮቼ ጀርባቸውን ወደ ምዕራብ ሰጡ። እኔ ተራራ ጠባቂ ነኝና ፊቴን ወደ ተራራው አድርጌ፣ መጽሐፉን ከፀሐይ እንደሚከልል ከፍ አድርጌ ያዝኩ። እነርሱ እኔን ያያሉ፤ እኔ ተራራውን አያለሁ። የደረስንበት ምዕራፍ ዶርቤ ቅሉን ለማውጣት ወደ ግዙፉ ትራስ ሥር የሚገባበት ነው። መጽሐፉ ላይ ነገሩ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ ገባ፣ ቅሉን አወጣ፣ ወጣ። አህያዋን ጭኖ «እንሂድ እንጂ» አለ። አለቀ።

ቀና ስል ተራራው ጠቁሯል።

እኔ ደመናውን አየሁት። ከሩቅ የምትመጣ ጭረት አልነበረም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የከሰል ጆንያ ነው። አፌን ከፈትኩ። «እንድሪስ ተነሥ» ለማለት ነበር የከፈትኩት? ልምል አልችልም። የወጣው ግን ይህ ነው፤ «በዚያች ሰዓት ጥቁር ደመና ተራራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈነው።» መጽሐፉ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም። ካሳ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ እጄ ላይ ነው እንጂ የማነበው ሰማዩን ነው። ፀሐይዋን ደመናው ሲውጣት ጥላ ወረደብን፤ አያ ይመር ዞር ሊሉ አንገታቸውን ሲያነሡ፣ እኔ ቶሎ ብዬ «ፀሐይም በድንጋጤ ፊቷን ሸፈነች» አልኩ። አንገታቸው ተመለሰ። ሩቅ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም «ግዙፉ አንኮራፋ» አልኩ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ካሳ በኋላ ላይ እንደነገረኝ፣ ማንኮራፋቱ በእውነት የተሰማው መስሎት ነበር። ተሰምቶታል እኮ!

አሁን ጊዜ ያስፈልገኛል። ጎርፉ ከተራራው እኛ ዘንድ እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ይፈጃል፤ የዶርቤ ግማሽ ገጽ አይበቃም። ስለዚህ ግዙፉ በእንቅልፍ ልቡ እንዲገላበጥ አደረግሁት። ክንዱ ዶርቤ ላይ ወደቀ። ወገቡን ያዘው። እንድሪስ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

እንደ ዶርቤ ረጅም ሞት የሞተ ሰው ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ እግሩ ደነዘዘ። ከዚያ ተናዘዘ። ብትሩን ለደብተራው አወረሰ። ኮዳውን ለሸክላ ሠሪዋ ሰጠ። ሽፍታውን ጠርቶ ጨለማ የማይፈራበትን ምክር መከረው፤ ምክሩ ምን እንደነበር አሁን ረስቼዋለሁ እንጂ ካሳ ከዚያ ወዲህ ሌሊት ብቻውን መንገድ ይሄድ ጀመር። ትንፋሹ ሊያልቅ ነው ስል የመንደሩን ሰዎች በስም በስማቸው ተሰናበተ። በጣም ዘመድ የበዛበት ሰው ነበር፤ እኔ አበዛሁበት። በመጨረሻ ዓይኑን ሊከድን ሲል እንድሪስ በተሰበረ ድምፅ ጠየቀኝ።

«የአህያዋስ ነገር?»

እውነቱን ልንገርህ፤ አህያዋን ረስቻት ነበር። እግዜር ይስጠው፣ እንድሪስ ራሱ ጊዜ ጨመረልኝ። ዶርቤ ዓይኑን መልሶ ገለጠና ስለ አህያዋ መናገር ጀመረ። ምን እንደምትወድ፣ ከየትኛው ጎኗ እንደሚጭኗት፣ ሲመሽ በስሟ ካልጠሯት እንደማትተኛ። እንድሪስ በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ሸፍኖ ይንሰቀሰቃል። አያ ይመር «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ይላሉ። ለመጽሐፍ ሰው።

ከዚህ የባሰውን ነው አሁን የምነግርህ። እስካሁን ያልኩት የስስታም ገበሬ ተንኮል ነው፤ ለዚያ ቢያንስ ምክንያት አለው። ዶርቤ ስለ አህያዋ መናገር ሲጀምር ግን ጎርፉን ረሳሁት። ማሽላውን ረሳሁት። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዴት እያለቀሱልኝ ነው! ከእኔ አፍ የወጣ ነገር ሦስት ጎልማሳ ሲያስለቅስ ደስ አለኝ። ጎረቤቴን ለውኃ ስል ነው የያዝኩት፣ ወይስ ለዚያ ለቅሶ? ልጆቼ እንዳይራቡ ነው ልበል? የዓምናው እህል ጎተራዬ ውስጥ ነበር፤ አይራቡም ነበር።

ወንዙ ሲያገሳ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዘለለ። እንድሪስ ዓይኑን ሳይጠርግ ሮጠ፤ አካፋውን ቤቱ ረስቶት ነበርና ሊያመጣ ተመለሰ፤ ደግሞ ሮጠ። ቦዩ አፍ ሲደርስ ሚስቴ የእኛን ከፍታ፣ ውኃው ደረቱን ነፍቶ ማሳችን ውስጥ ገብቷል። ደስታ ምንም አታውቅም። የጎርፉ ራስ ሲመጣ ባለተራውን አጣች፣ ተከታዩ እኛ ነን፣ ከፈተች። ማታ ቤት ስገባ እንድሪስ ምን ሆኖ ቀረ ብላ ጠየቀችኝ። ለቅሶ ላይ ነበር አልኳት። የማን ለቅሶ ስትል ነገሩን አድበስብሼ ተኛሁ። ጎርፉ የእኛን ማሳ አጥግቦ አለቀ። ሌላ አልመጣም።

በማግስቱ አያ ይመር ያው ግራር ሥር ዳኝነት ተቀመጡ። ተራራ ጠባቂው ለምን ባለተራውን አላስነሣም ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መልስ ሳልጀምር እንድሪስ ተነሣ።

«አያ ይመር፣ ሰውየውን ተዉት። ዓይኑ መጽሐፉ ላይ ነበር፤ በአንድ ዓይን ሁለት ቦታ እንዴት ያያል? አንብብ ብለን የያዝነው እኛ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ባለተራ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል እንጂ ለሰው ታሪክ አይንሰቀሰቅም።»

እኔስ ምን አልኩ? ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ያዘነ ሰው እንደሚያደርገው። የዘረፍኩት ሰው ጠበቃ ሆኖልኝ ዝም አልኩ። አያ ይመር ለቸልተኝነቴ የዋናውን ቦይ አሸዋ ብቻዬን እንድጠርግ ፈረዱብኝ። እንድሪስ አካፋውን ይዞ ሊያግዘኝ መጣ።

ቅጣቱ ግን ከመጽሐፉ መጣ። ጓደኞቼ የቀረውን አንብብልን አሉ፤ መጽሐፉ ላይ ዶርቤ ገና ብዙ ይኖራል። በየገጹ ይናገራል። የእርሱን ንግግር ለሸክላ ሠሪዋ ስሰጥ፣ ሸክላ ሠሪዋ ስለ ጎባጣ ጀርባዋ ማማረር ጀመረች። ከዳገት የሚያወርዳቸው እርሱ ነው፤ እኔ ደብተራውን አህያ ነጂ አደረግሁት፣ አያ ይመርም ይህ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው አህያ የሚያውቀው ብለው ያዙኝ። አንድ ቦታ ንጉሡ ዶርቤን በስሙ ጠርቶ ያቅፈዋል፤ እኔ ንጉሡ በሕልሙ ነው አልኩ። ካሳ እንቅልፍ የሌለው ሰው በምን ሕልም ያያል አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ የመጽሐፉን መጨረሻ ምስጥ በላው ብዬ ተገላገልኩ። መጽሐፉን ፌስታል ውስጥ ጠቅልዬ ሳጥኔ ሥር ቀበርኩት። ምስጥም አልነካው።

የእንድሪስ ማሳ አገዳ ሆኖ ቀረ። ራስ ያወጣውም ባዶ ነበር። ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ሊሸጥ ገበያ ሲነዳው አብሬው ሄድኩ፤ ዋጋ እንዳይመቱት ተከራከርኩለት፣ በጣም ጥሩ ተከራካሪ ነበርኩ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ በሬ ይዞ ቀረ። እኔም በሬዬን ከበሬው ጋር አቀናጅቼ ማሳውን አረስኩለት። ሰፈሩ «እንዲህ ነው ጎረቤት» አለኝ። ሚስቱ ዘሃራ በየሰላቷ ዱዓ ታደርግልኝ ነበር። የዚያችን ሴት ዱዓ እግዜር ወዴት እንዳደረሰው አስባለሁ፤ ለእኔ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

እንድሪስ ስለ ማሽላው አንድ ቀን አላማረረም። የዶርቤን ሞት ግን የትም ይተርከዋል። ሠርግ ላይ፣ ሐዘን ቤት፣ ጎብዬ ገበያ። ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ነው የሚተርከው። ልጆቹ ሰምተውት አደጉ። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ «ዶርቤ እንኳ ስለ አህያው ሳይናዘዝ አልሄደም» ማለት በሰፈራችን ልማድ ሆነ። እኔ በየለቅሶው ይህን ስሰማ እቁነጠነጣለሁ፤ ሰው ሐዘኑ የበረታብኝ ይመስለዋል።

ዓመታት ሄዱ። አያ ይመር ሞቱ፣ ካሳም፣ ዘሃራም። ከዚያ ግራር ሥር ከነበርነው የቀረነው እኔና እንድሪስ ነን። የእንድሪስን ዓይን ሞራ ጋረደው፤ አሁን የሚያየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ከምስጥ የተረፈውን ያህል መጽሐፉን እንዳነብለት ለመነኝ። ሳጥኔን ከፈትኩ። ከመጀመሪያው ጀምረን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሄድን። እርሱ ጠዋት በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል፤ እኔ ያቺ ገጽ ስትቀርብ የቀኑን ንባብ አሳጥራለሁ።

ደረስን። ያን ዕለት እንደተጻፈው አነበብኩ። ዶርቤ ትራሱ ሥር ገባ፣ ቅሉን አወጣ፣ ወጣ፣ አህያዋን ጭኖ «እንሂድ እንጂ» አለ። እኔም መጽሐፉን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኩት። ደመናውን፣ ነጎድጓዱን፣ ደስታ ቦዩ ላይ እንደነበረች፣ ምስጡ ውሸት እንደሆነ፣ ዳኝነቱ ላይ ዝም ማለቴን። ሳልቀንስ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልተውን የተናገርኩት ነገር እርሱ ነው።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ጨረስኩ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ እንድሪስ።»

ከዘራውን መሬት ላይ እያሸ ቆየ። የተቆጣ አይመስልም። የሳቀም አይመስልም።

«ዶርቤ ሞቷል» አለኝ። «እኔ ነኝ የቀበርኩት። ለእርሱ አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ለአንተ ሌላ ለቅሶ አልቀመጥም። የቀረኸኝ አንተ ነህ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እዚህ በር ላይ እንዳትናገር። በል መጽሐፉን ክፈትና ሞቱን አንብብልኝ።»

ያውቅ ነበር? ያን ዕለት ነው የገባው፣ ወይስ ከጥንቱ ነጎድጓዱን ሰምቶታል? አልጠየቅሁትም፤ ከልክሎኛል። አውፍ አላለኝም፤ አልልህም አላለኝም። በደሌን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው፣ ከነክብደቱ።

መጽሐፉን ከፈትኩ። ዶርቤ በሕይወት ያለበትን ገጽ እያየሁ ዶርቤን መግደል ጀመርኩ። ግማሹን ረስቼዋለሁ። የተሳሳትኩበት ቦታ እንድሪስ ያርመኛል፤ መጀመሪያ ብትሩን፣ ከዚያ ኮዳውን። አህያዋ ዘንድ ስንደርስ ድምፁ ያው እንደ ድሮው ተሰበረ፤ የሞራው ዓይን እንባ ያፈሳል። እኔም አለቀስኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ደስ አላለኝም።

ይህን የሁለተኛውን ግድያ በደል ለማን እንደምሰጠው አላውቅም፤ በባለቤቱ ትእዛዝ የተፈጸመ ነው። የመጀመሪያው ግን የእኔ ነው። ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ ነበር አልልህም። ከታሪኩ ጋር ተወስጄ አላየሁም አልልህም። ወጣት ነበርኩ አልልህም፤ ያኔም ሽበት ነበረኝ። እኔ ደመናውን አይቻለሁ።